የባለሙያ ምላሽ፦ ኤልደን ሪንግን ጀምሮ ማርጊት ላይ ለቆመ ተጫዋች

ጥያቄ፦ «ከዚህ በፊት የተጫወትኩት ፊፋና ጎድ ኦፍ ዎር ነው። ኤልደን ሪንግን በፕሌይስቴሽን 4 ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ለጀማሪ ይሻላል ስለተባልኩ ቫጋቦንድን፣ ጥሩር ለባሹን ሰይፈኛ፣ መረጥኩ። መጀመሪያ ሜዳው ላይ ያለውን ባለወርቅ ፈረሰኛ ሁለት ቀን ሙሉ ታገልኩት፤ አልቻልኩም። ከዚያ የወርቁን ብርሃን ተከትዬ ወደ ቤተ መንግሥቱ ስወጣ ማርጊት የሚባለው ቦስ፣ ማለትም መንገድ የሚዘጋ ትልቅ ጠላት፣ ያዘኝ፤ እስካሁን ከአርባ ጊዜ በላይ ገድሎኛል። ደረጃዬ 15 ነው፤ ጠላት ስገድል ያገኘሁትን ሩን ሁሉ ደረጃ ለማሳደግ ያዋልኩት ጥንካሬ ላይ ነው፤ ሰይፌም ስጀምር የተሰጠኝ ነው። ጓደኞቼ በአስማተኛ ካልጀመርክ አይሆንልህም ይሉኛል። እንደ አዲስ ልጀምር? ወይስ ይህ ጨዋታ እጁ ፈጣን ለሆነ ሰው ብቻ ነው? ቀለል ማድረጊያስ የለውም? በተጨማሪ ሰፈራችን መብራት ስለሚቆራረጥ የደከምኩበት እንዳይጠፋ ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ እንደ አዲስ አይጀምሩ። የያዙት ገጸ ባሕርይ አልተበላሸም፤ የተዛባው የሄዱበት ቅደም ተከተል ብቻ ነው፤ እሱም ፊትዎን ከቤተ መንግሥቱ ወደ ደቡብ በማዞር ይስተካከላል። ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም። በጻፉልኝ ጥቂት መስመሮች ውስጥ ማርጊት ለምን እንዳሸነፈዎት የሚያስረዱ ሦስት ቁጥሮች አሉ፤ ሦስቱም እርስዎ በቀላሉ ሊለውጧቸው የሚችሉ ናቸው።

አስቀድሞ ግን ጨዋታው ራሱ ሳይነግርዎት ያለፈውን ነገር ልንገርዎት። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ጎድ ኦፍ ዎር ከጠላቱ የጤና መስመር አጠገብ የደረጃ ቁጥር ያሳያል፤ ቁጥሩ ከእርስዎ በጣም ከራቀ ሳይነኩት ዞር ይላሉ። ስካይሪምን የመሰሉ ሌሎች ሰፊ ዓለም ያላቸው ጨዋታዎች ደግሞ ብዙዎቹን ጠላቶች ከተጫዋቹ ደረጃ ጋር አብረው ያሳድጓቸዋል፤ ስለዚህ በየትኛውም አቅጣጫ ቢሄዱ ፍልሚያው ከአቅምዎ ብዙ አይርቅም። ኤልደን ሪንግ ሁለቱንም አያደርግም። የእያንዳንዱ አካባቢ ጥንካሬ አስቀድሞ ተወስኖ የተቀመጠ ነው። ማርጊት በደረጃ 15 ቢመጡበትም በደረጃ 40 ቢመጡበትም ያው ማርጊት ነው፤ ጤናው አይጨምርም፣ ምቱም አይበረታም። በራሱም ላይ «ገና ነህ፣ ተመለስ» የሚል ቁጥር አልተጻፈም። ከሌላ ጨዋታ የመጣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የመጣበትን ቦስ ሁሉ አሁኑኑ ሊያሸንፈው የሚገባ ፈተና አድርጎ ይወስደዋል። በዚህ ጨዋታ ቁጥሩን ማንበብ ያለብዎት ከራስዎ ቀይ መስመር ላይ ነው፤ አንድ ተራ ምት ከጤናዎ ግማሹን ወይም ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ከወሰደ የቆሙበት ቦታ ከእርስዎ ይቀድማል ማለት ነው።

የወርቁ ብርሃንም ያሳሳተዎት በዚሁ ምክንያት ነው። ሳይት ኦፍ ግሬስ ከሚባሉት የሚያበሩ ማረፊያዎች የሚወጣው ጨረር ዋናው ታሪክ ወዴት እንደሚቀጥል ይጠቁማል፤ አሁን ይሂዱ ማለቱ ግን አይደለም። ባለወርቁ ፈረሰኛ፣ ትሪ ሴንቲኔል፣ ከዚህም ይለያል፤ እሱን ማሸነፍ ግዴታ አይደለም፤ ከሩቅ ዞረውት ቢያልፉ ታሪኩ አንድ ነገር አይጎድልበትም። ቢያሸንፉት እንኳ የሚያገኙት ወርቃማው ሃልበርድ 30 ጥንካሬ፣ 14 ቅልጥፍናና 12 እምነት ስለሚጠይቅ በአሁኑ አቅምዎ ሊጠቀሙበት አይችሉም ነበር። ሁለት ቀን የታገሉለት ነገር ተሸክመውት ብቻ የሚዞሩት ዕቃ ይሆንብዎት ነበር።

አሁን ወደ ሦስቱ ቁጥሮች ልምጣ። የመጀመሪያው ጤናዎ ነው። ቫጋቦንድ በደረጃ 9 ሲጀምር ቪገር የሚባለው፣ ማለትም የሕይወት ብርታቱ፣ 15 ነው፤ ይህም 522 የጤና ነጥብ ይሰጠዋል። እርስዎ ያገኟቸውን ስድስት ደረጃዎች በሙሉ ስትሬንግዝ ላይ ስላዋሉ ጥንካሬዎ ከ14 ወደ 20 ወጥቷል፤ ጤናዎ ግን የጀመሩ ዕለት የነበረው 522 ነው። እነዚያው ስድስት ደረጃዎች ቪገር ላይ ውለው ቢሆን ኖሮ ጤናዎ 680 ይደርስ ነበር። ይህ ልዩነት በአንድ ቅብብሎሽ ምት በመሞትና ከምቱ ተርፎ ጤና የሚመልሰውን ቀዩን ጠርሙስ በመጠጣት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ጀማሪ ተጫዋቾች ጥንካሬ ላይ የሚያተኩሩት ጠላቱ ቶሎ ቢሞት እኔ አልሞትም ብለው ስለሚያስቡ ነው፤ ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን ገና ያልተሳለ ሰይፍ ከጥንካሬ የሚያገኘው ተጨማሪ ጉዳት በጣም ጥቂት ነው።

ቪገር የሚሰጠው ጤና በየእርከኑ እኩል አይደለም፤ ይህንንም ማወቅ ይጠቅምዎታል። በ20 ላይ 652፣ በ25 ላይ 800፣ በ40 ላይ 1450፣ በ60 ላይ 1900 ጤና ያገኛሉ። ከ60 በኋላ እስከ መጨረሻው 99 ድረስ የሚጨመረው 200 ብቻ ነው። ከ25 እስከ 40 ባለው መካከል እያንዳንዷ ነጥብ ከሁሉም የበለጠ ዋጋ እንዳላት ከቁጥሮቹ ይታያል። ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው፦ ከአሁን ጀምሮ የሚያገኟቸውን አሥር ደረጃዎች በሙሉ ቪገር ላይ ያውሉ። ደረጃዎ 25፣ ቪገርዎ 25፣ ጤናዎ 800 ይሆናል። ያንን ሳይጨርሱ ሌላ ነገር አይንኩ። ጥንካሬ ላይ ያዋሉት ስድስት ነጥብም ከንቱ አልቀረም፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግርዎታለሁ።

ሁለተኛው ቁጥር የሰይፍዎ ነው፤ እሱም ዜሮ ነው። በዚህ ጨዋታ የጉዳትዎ ዋና ምንጭ የመሣሪያው እርከን ነው። ተራ መሣሪያ ስሚዚንግ ስቶን በሚባል የማሳደጊያ ድንጋይ እስከ ፕላስ 25 ያድጋል፤ በመጨረሻው እርከን መነሻ ጉዳቱ ብቻውን ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ከፕላስ 1 እስከ ፕላስ 3 ያለውን ማሳደጊያ ለመሥራት አንጥረኛ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግዎትም፤ በመጀመሪያ ያገኙት የኤሌ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ውስጥ፣ ነጋዴው ካሌ ከተቀመጠበት አጠገብ፣ ማንጠሪያ ጠረጴዛ አለ። የሚያስፈልግዎት የመጀመሪያው ዓይነት ድንጋይ ነው፤ ለመጀመሪያው እርከን 2፣ ለሁለተኛው 4፣ ለሦስተኛው 6፣ በድምሩ 12 ድንጋይ። ከዚያ በላይ ለማሳደግ ራውንድቴብል ሆልድ በሚባለው አዳራሽ ውስጥ ያለው አንጥረኛ ሂዩግ ጋ መሄድ ይኖርብዎታል፤ ለማርጊት ግን ፕላስ 3 ይበቃል።

ሦስተኛው ቁጥር ጠርሙሶችዎ ናቸው። የጠጪውን ጤና የሚመልሰው ቀዩ ጠርሙስና ለአስማትና ለመንፈስ መጥሪያ የሚሆነው ሰማያዊው ጠርሙስ ሲጀምሩ በድምሩ 4 ናቸው። ቁጥራቸውን የሚጨምረው በየመንገዱ ከሚያበሩ ትንንሽ የወርቅ ዛፎች ሥር የሚገኘው ጎልደን ሲድ ነው፤ የሚመልሱትን ጤና መጠን የሚጨምረው ደግሞ በአብያተ ክርስቲያናት ፍርስራሽ ውስጥ በሐውልቶች ሥር የሚገኘው ሴክሬድ ቲር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዘሮች እያንዳንዳቸው አንድ ጠርሙስ ይጨምራሉ፤ ከዚያ በኋላ ለአንድ ጠርሙስ ሁለትና ከዚያ በላይ ዘር ይጠየቃል። ማረፊያ ላይ ሲቀመጡ የቀዩንና የሰማያዊውን ድርሻ ራስዎ መወሰን ይችላሉ። አስማት የማይጠቀም ቫጋቦንድ አንድ ሰማያዊ አስቀርቶ ሌላውን ሁሉ ቀይ ማድረግ አለበት።

እነዚህ ሁሉ የሚገኙት ወዴት ነው? አብዛኛው መልስ ጨዋታው ከሚጀምርበት ምድር ከሊምግሬቭ በስተደቡብ ያለው ዊፒንግ ፔኒንሱላ የሚባለው ልሳነ ምድር ነው። ብዙ ጀማሪዎች የወርቁ ጨረር ወደ ሰሜን ስለሚጠቁም ይህን አገር ጨርሶ ሳያዩት ያልፋሉ፤ እኔ ግን ለአዲስ ተጫዋች ከዚህ የተሻለ ስፍራ አላውቅም። በቶረንት፣ በመንፈስ ፈረስዎ፣ የመሥዋዕት ድልድይ የሚባለውን ተሻግረው ይግቡ። ከድልድዩ ወዲያ ዐይኗ የማያይ ኢሪና የምትባል ወጣት መንገድ ዳር ተቀምጣ ያገኛሉ፤ ካስል ሞርን ውስጥ ለቀረው አባቷ ደብዳቤ እንዲያደርሱላት ትለምንዎታለች። ይቀበሏት። ያቺ ደብዳቤ ከየትኛውም ጨረር በተሻለ ያንን ምድር ከጫፍ እስከ ጫፍ ታስጎበኝዎታለች። በዚያ ልሳነ ምድር ውስጥ ሦስት ሴክሬድ ቲር አሉ፤ አንደኛው በፒልግሪሜጅ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለተኛው በካሉ የጥምቀት ቤተ ክርስቲያን፣ ሦስተኛው በማሪካ አራተኛ ቤተ ክርስቲያን። በሊምግሬቭ ምሥራቅ ካለው የማሪካ ሦስተኛ ቤተ ክርስቲያን የሚያገኙትን ሲደምሩ አራት ይሆናሉ። ወደ ካስል ሞርን በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ጎልደን ሲድ፣ በሊምግሬቭ ወደ ፎርት ሄይት በሚያወጣው መንገድ ላይ ሌላ አለ።

ድንጋዩን በተመለከተ ከአጊል ሐይቅ በስተሰሜን ያለው ሊምግሬቭ ተነል እና በልሳነ ምድሩ ያለው ሞርን ተነል ይበቁዎታል። እነዚህ የማዕድን ጉድጓዶች ናቸው፤ ግድግዳው ላይ የሚያበራውን ሁሉ እየነቀሉ ይሂዱ። ጉድጓዱ መጨረሻ ያለውን ቦስ ማሸነፍ ግዴታ አይደለም፤ ድንጋዩን ይዞ መውጣት ይቻላል።

አሁን ስለ ጥንካሬዎ የገባሁትን ቃል ልፈጽም። ካስል ሞርን ውስጥ በአንድ ሣጥን ክሌይሞር የሚባል ረጅም ሰይፍ አለ። የሚጠይቀው 16 ጥንካሬና 13 ቅልጥፍና ነው። ቫጋቦንድ ሲጀምር ቅልጥፍናው ልክ 13 ነው፤ ጥንካሬዎ ደግሞ 20 ደርሷል። ያለ አንድ ተጨማሪ ነጥብ ያነሱታል ማለት ነው። ክሌይሞር ከመጀመሪያው ሰይፍዎ የረዘመና የከበደ፣ በከባድ ምቱም የሚወጋ፣ ብዙ ተጫዋቾች እስከ ጨዋታው ፍጻሜ የማይለቁት መሣሪያ ነው። ክብደቱን ግን ልብ ይበሉ። የሚሸከሙት ጠቅላላ ክብደት ከአቅምዎ 70 በመቶ ካለፈ ከምት ለማምለጥ የሚንከባለሉት መንከባለል እንደ ወደቀ ጆንያ ዝግ ይላል፤ በዚያ ሁኔታ ማርጊትን ማምለጥ ዘበት ነው። የዕቃ መያዣውን ገጽ ከፍተው ክብደቱ መካከለኛ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከበለጠ ሲጀምሩ ከሰይፉ ጋር የተሰጠዎትን ሃልበርድ ያውልቁ፤ አሁንም ካልበቃ ከጥሩሩ አንዱን ክፍል ያውልቁ። ጥሩር የሚቀንሰው ጉዳት በመንከባለል ከሚያመልጡት ጉዳት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

ጓደኞችዎ ስለ አስማተኛ የነገሩዎት ከፊሉ እውነት ነው። አስማተኛው መነሻ አስትሮሎጀር ከሩቅ ስለሚመታ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ያቀላል። ነገር ግን የሚጀምረው በ9 ቪገር፣ ማለትም በ396 ጤና ነው፤ ማርጊት ደግሞ ርቀቱን በአንድ ዝላይ የሚያጠፋ ጠላት ነው። በቅርብ መሸሽ ያልተማረ አስማተኛ እዚያው ቦታ ላይ ይቆማል፤ እንዲያውም ቶሎ ይሞታል። ከዚህም በላይ በዚህ ጨዋታ የመነሻ ምርጫ መነሻ ብቻ ነው፤ ነጥቡን እስካሟሉ ድረስ ቫጋቦንድ አስማት መማር፣ አስማተኛም ክሌይሞር ማንሳት ይችላል። ነጥቦችን እንደ አዲስ መደልደልም ይቻላል፤ ይህ ግን የሚሆነው በሊዩርኒያ ያለችውን ሬናላን ካሸነፉ በኋላና ላርቫል ቲር የሚባል ብርቅ ዕቃ ካገኙ ነው። እስከዚያ ድረስ ያዋሉት ነጥብ አይመለስም፤ ስለዚህ ሳያስቡ አይበትኑት።

ቀለል ማድረጊያ የለውም ወይ ላሉት፣ ከምናሌው ውስጥ የሚመረጥ የለም። ጨዋታውን የሠራው ፍሮምሶፍትዌር የተባለው የጃፓን ድርጅት ማቅለያውን በዓለሙ ውስጥ በትኖ ነው ያስቀመጠው። ከእነዚህ ዋነኛው የመንፈስ ጥሪ ነው። ደረጃ ማሳደግ ከቻሉ ደረጃ የምታሳድግልዎትን ሜሊናን አግኝተዋል፤ ፈረሱም አለዎት ማለት ነው። እንግዲያው ወደ ኤሌ ቤተ ክርስቲያን ይመለሱ፤ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች ሬና የምትባል ሴት ግንብ ላይ ተቀምጣ ትጠብቅዎታለች፤ ደወልና የሦስት ተኩላዎች መንፈስ ትሰጥዎታለች። እዚያ ካጧት ደወሉ ራውንድቴብል ሆልድ ውስጥ ካሉት መንታ ደናግል ይገዛል። ተኩላዎቹን መጥራት 55 ኤፍፒ፣ ማለትም ሰማያዊው ጠርሙስ የሚመልሰውን የአስማት ኃይል፣ ይፈጃል፤ እርስዎ ይህን ኃይል በሚወስነው ማይንድ በ10 ነጥብ 78 ኤፍፒ ስላለዎት አንድ ጊዜ ይችላሉ። የማርጊት ፍልሚያ ሲጀመር በማያ ገጹ ግራ በኩል ትንሽ ምልክት ትበራለች፤ ያን ጊዜ ይጥሯቸው። ተኩላዎቹ ማርጊትን አይገድሉትም፤ ፊቱን ግን ያዞሩልዎታል፤ ጀርባውን ሰጥቶ የሚዋጋ ቦስ ደግሞ ሌላ ቦስ ነው። አንዳንድ ተጫዋቾች ይህን እንደ ማጭበርበር ይቆጥሩታል። ስሕተት ነው። ጨዋታው ሲነደፍ ጀምሮ የታሰበበት መሣሪያ ነው፤ ጀማሪ ይህን በኩራት ቢተው የሚጎዳው ራሱን ነው።

ሁለተኛው ረዳት አስማተኛው ሮጂየር ነው፤ ከማርጊት ጭጋጋማ በር በፊት መሬት ላይ የሚጠራበትን የወርቅ ጽሕፈት ያገኛሉ፤ ለመጥራት ኢንተርኔት አያስፈልግም። ሦስተኛው ማርጊትን ለጥቂት ሰከንድ መሬት ላይ የሚያስረው ሰንሰለት ነው፤ መርክዎተር ዋሻ ውስጥ ያለው ፓችስ በ5000 ሩን ይሸጠዋል። ፓችስ መጀመሪያ ይዋጋዎታል፤ ተንበርክኮ ሲለምንዎት መምታትዎን ያቁሙ፤ ከገደሉት ሱቁ የለም።

ከዚህ ጋር አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ይህ ጨዋታ ራሱን በራሱ ያለማቋረጥ ያስቀምጣል፤ በጨዋታው ውስጥ ወደ ኋላ የሚመለሱበት ሌላ ቅጂ የለም። በስሕተት መምቻውን አር 1ን ተጭነው ነጋዴ ቢመቱ ነጋዴው ጠላት ይሆናል፤ ቢገድሉት ሞቶ ይቀራል። ከሰው ጋር ሊነጋገሩ ሲቀርቡ ጣትዎን ከመምቻው ላይ ያንሱ። ሌላው፣ አጊል ሐይቅ አጠገብ ባለው የተቃጠለ ፍርስራሽ ምድር ቤት ያለው ሣጥን ሲከፈት ጭስ ይወጣና በኬሊድ ምድር ወዳለ የክሪስታል ጉድጓድ ውስጥ ይወስድዎታል። እዚያ ያሉት ጠላቶች ለእርስዎ ደረጃ አይደሉም፤ ከጉድጓዱ እስኪወጡ ድረስም በካርታ መጓዝ አይቻልም። ከገቡ አይዋጉ፤ አጎንብሰው በጥላው ውስጥ ወደ መውጫው ይሂዱ፤ ውጭ ያለችውን ማረፊያ እንደ ነኩ ወደ ሊምግሬቭ ይመለሱ።

ስለ ሩንም እንዲሁ። ሲሞቱ የያዙት ሩን የሞቱበት ቦታ ይቀራል፤ ሳያነሱት ዳግም ከሞቱ ለዘለዓለም ጠፋ። አርባ ጊዜ ሲሞቱ ምን ያህል ሩን እንደ ፈሰሰብዎት መገመት አያዳግትም። ቦስ ጋ ከመግባትዎ በፊት ያለዎትን ሩን ደረጃ ላይ ያውሉት፤ ባዶ እጅዎን ይግቡ። በየመንገዱ የሚያገኙት ጎልደን ሩን የሚባለው ዕቃ ግን ከቦርሳዎ ውስጥ ሆኖ አይጠፋም፤ ሲሞቱም አብሮዎት ይነሣል። እንደ ቁጠባ ይያዙት፤ ለአንድ ደረጃ ጥቂት ሲጎድልዎት ብቻ ይሰብሩት።

የእጅ ፍጥነትን በተመለከተ ያየሁትን ልንገርዎት። እንደ እርስዎ ማርጊት ላይ የቆመ ወጣት አጠገብ ተቀምጬ ማያ ገጹን ትቼ አውራ ጣቱን ስመለከት ነበር። ማርጊት በትሩን ወደ ላይ ባነሣ ቁጥር ጣቱ መንከባለያዋ ክብ ቁልፍ ላይ ወዲያው ይወርድ ነበር፤ በጣም ፈጣን ነበር። ችግሩም እሱ ነበር። ማርጊት በትሩን ካነሣ በኋላ ሆን ብሎ ያቆየዋል፤ ወጣቱ ተንከባልሎ ሲነሣ በትሩ ገና እየወረደ ነው። የነገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በትሩ ሲነሣ ሳይሆን ክንዱ መውረድ ሲጀምር ይንከባለል። ከዚያ በኋላ ያ ምት ብዙ ጊዜ አላገኘውም። በተጨማሪ ጨዋታው የሚያንከባልልዎት ክቧን ሲጫኑ ሳይሆን ሲለቁ ነው፤ ምክንያቱም ተጭኖ መቆየት መሮጫ ነው። ስለዚህ ክቧን ነካ አድርገው ይልቀቁ፤ አጥብቀው አይያዙ። ደጋግመውም አይጫኑ፤ ጨዋታው የተጫኑትን ይዞ ያቆያል፤ ሦስት ጊዜ በድንጋጤ ከተጫኑ ሳይፈልጉ ሁለተኛ ይንከባለላሉ፤ ጉልበትዎን የሚያሳየው አረንጓዴው መስመርም ያልቃል።

አቅጣጫው ደግሞ ከፍጥነቱ ይበልጣል። ወደ ኋላ መንከባለል ተፈጥሯዊ ነው፤ የማርጊት በትር ግን ረጅም ስለሆነ ወደ ኋላ የሚሄድን ሰው ተከትሎ ይደርስበታል። ወደ እሱ፣ በጎኑ በኩል ወደ ጀርባው ይንከባለሉ። አንድ ወይም ሁለት ጊዜ መትተው ይውጡ፤ ሦስተኛውን ሲመኙ ነው የሚሞቱት። ጠርሙስ ለመጠጣት ርቀው መሄድም አያድንም፤ ርቀው ሲጠጡ የብርሃን ጩቤ ይወረውርብዎታል። የሚጠጡት ከባድ ምቱን ሰንዝሮ ባበቃባት ቅጽበት ነው። ቫጋቦንድ የያዘው ጋሻ ተራ የብረት ምትን ሙሉ በሙሉ ስለሚመክት ሌላም መንገድ አለዎት፤ ምቱን በኤል 1 መክተው ወዲያው አር 2ን ሲጫኑ የሚወጣው ጠንካራ አጸፋ ለጀማሪ ከመንከባለል ይቀላል። የብርሃን ጩቤዎቹና መዶሻው ግን በጋሻውም አልፈው ጤና ይቀንሳሉ፤ እነሱን መሸሽ ይሻላል።

የዚህ ምክር ወሰንም ይታወቅ። ደረጃ 25፣ ፕላስ 3 ክሌይሞር፣ 6 ጠርሙስና ተኩላዎች ቢኖሩዎትም በመጀመሪያው ሙከራ ላያሸንፉት ይችላሉ። የሚለወጠው ስሕተት የሚፈቀድልዎት ቁጥር ነው፤ ዛሬ ሁለት ምት ከሆነ የሚገድልዎት ያን ጊዜ ሦስትና አራት ይሆናል፤ ከሞትም የሚማሩት በዚያ ልዩነት ውስጥ ነው። ከዚህ በላይ ለማደግ አንድ ቦታ ቆሞ ሩን ማጠራቀምን አልመክርም፤ ደረጃዎ ያድጋል፣ ካርታውን፣ ጠርሙሱንና ድንጋዩን ግን አያገኙም። የቪዲዮ መምሪያ መመልከት ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣ በኋላ በተደጋጋሚ ስለ ተስተካከለ በዚያ ዓመት መጀመሪያ የተቀረጹ «የማይሸነፍ መሣሪያ» የሚሉ ቪዲዮዎች ዛሬ እንዳሉት ላይሠሩ ይችላሉ።

መብራትን በተመለከተ፣ ጨዋታው በየቅጽበቱ ስለሚያስቀምጥ መብራት ሲጠፋ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋብዎት ጥቂት ደቂቃ ነው። እውነተኛው አደጋ በሚያስቀምጥበት ሰዓት ተቋርጦ መረጃው እንዳይበላሽ ነው። ፕሌይስቴሽን 4 የተቀመጠ መረጃን ወደ ፍላሽ መቅዳት ስለሚፈቅድ በሳምንት አንድ ቀን ከሴቲንግ ገብተው ይቅዱት፤ ለዚህ ክፍያም ኢንተርኔትም አያስፈልግም። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል እስኪረጋጋ ድረስም መልሰው አይሰኩ።

ማርጊትን ካሸነፉ በኋላ የስቶርምቬል ቤተ መንግሥት ትልቁ በር ፊት ለፊት ይጠብቅዎታል። ከበሩ ጎን ባለች ክፍል ውስጥ ጎስቶክ የሚባል በር ጠባቂ አለ፤ በሩን ልክፈትልዎ ወይስ በጎን ይግቡ ብሎ ይጠይቅዎታል። በትልቁ በር ከገቡ ከፊት ለፊት ግዙፍ ቀስቶች ይዘንቡብዎታል። ክፍሏ ውስጥ በተሰበረው ግድግዳ በኩል ይውጡና ገደሉን ይዘው ይሂዱ።